ዋርካና አደራ

«ተቀይመኸኛል ማለት ነው?» አለች ወይዘሮ ሶልያና።

«እኔ አንቺን? በምን ምክንያት? አንቺ ለሕንጻችን ባለውለታ ነሽ» አለ ጋሽ ያፌት።

እንግዲያው ተቀይሟል። ሶልያና ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ጋሽ ያፌት በደህናው ቀን ቢሆን «ያ ድምፅሽ ሬሳ ይቀሰቅሳል፣ ቀስ እያልሽ ጥሪ» ይላት ነበር እንጂ ባለውለታ አይላትም። ሰው ከልብ ወዳጁ አፍ ምስጋና መስማት ከጀመረ መሐል ላይ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

«ስለ ጉልበቴ የተናገርኳት ከሆነች፣ ደክሞኝ ያመለጠችኝ ናት» አለችው ጎንበስ ብላ።

«ጉልበትሽን እግዜር ይማርልሽ። ስለ አንቺ ሁልጊዜ አስባለሁ።»

ይሄ ደግሞ ባሰ። ሶልያና ቀና አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈች።

ለቅሶው የወይዘሮ ማህደር እናት ለቅሶ ነው። ድንኳኑ የተተከለው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ከረጃጅሞቹ ሕንጻዎች በአንደኛው ግቢ ውስጥ ነበር፤ ንፋሱ ሸራውን እየነፋ ይለቀዋል። ወንበሮቹ ሞልተዋል። በየወንበሩ ላይ አንድ አንድ ሰሌዳ ተደግፎ ቆሟል፤ በየሰሌዳውም ላይ አንድ አንድ ፊት አለ። ጋሽ ያፌትም ከኋላ ረድፍ የቆመ ሰሌዳ ነው። በሥጋቸው የመጡት ሐዘንተኛዋና ሶልያና ብቻ ናቸው፤ ሶልያናም የመጣችው ሥራዋ ሆኖባት ነው። የእድሩ ለፋፊ ናት። ሰው ሲሞት በየኮሪደሩ ድምፅ ማጉያ የሟቹን ስም ጠርታ ታረዳለች፤ ወንበር ትደረድራለች፤ ለቅሶው ሲጋመስ ደግሞ በወንበሮቹ መካከል እየዞረች የበራውንና የጨለመውን ትለያለች።

የጨለመውን መለየት ዋናው ሥራዋ ነበር። ነበር ነው የሚባለው።

ሰው ሁሉ ከልጅነቱ የሚያውቀው አሮጌው ሰሌዳ ዋርካ ይባላል። ዋርካ ባለቤቱን ቤቱ እንዳለ በቀጥታ ያሳያል፤ በዚያው ዕለት ጠዋት መዳፉን ካላሳረፈበት ግን አይበራም። በራሱ የሚሄደው የሕንጻው ጋሪ ከየበሩ መደርደሪያ ሰብስቦ ድንኳን ያመጣዋል፣ ወንበር ላይ ያኖረዋል፤ መዳፍ ያልነካው እንደ ጥቁር ድንጋይ ድርቅ ብሎ ይውላል። የእድሩ ደንብም «ወንበሩ የጨለመበትን አባል ቤት ለፋፊዋ ሄዳ ታንኳኳ» ይላል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ምን አስበው እንደነበር የሚያስታውስ አልቀረም። ሶልያና እሷን ለማልፋት የወጣ ይመስላት ነበር።

አዲሱ አደራ ይባላል። አደራ መዳፍ አይጠይቅም። አንድ ጊዜ ፊትህንና ድምፅህን ካስለመድከው እሱው ይበራል፣ እሱው ይቀመጣል፣ እሱው ያጽናናል። ግማሹ ሕንጻ ገዝቶታል፤ ግማሹ ከዋርካ ጋር አለ። እድሩ ጠቅልሎ ወደ አዲሱ ይግባ ወይስ ባለበት ይቆይ የሚለው ነገር ለእሑዱ ጉባኤ ተቀጥሯል። ሊቀመንበሩ አቶ ናሆም ሶልያናን ጠርቶ «ሁሉንም ለቅሶ ያየ ዓይን ያንቺ ብቻ ነው፤ ሁለቱን አስተያይተሽ ንገሪን» ብሏታል። ሻጮቹም እየደወሉ መልሷን ይጠይቃሉ።

እውነት ለመናገር ሐሳቧ ያለቀ ነበር። አዲሱ ይበልጣል። ዋርካ እንባ ሲመጣ ፊት ይሰባብራል። ባለቤቱ ወደ መጸዳጃ ብድግ ሲል ባዶ ግድግዳ ያሳያል። አንድ ጊዜ አቶ ናሆም ራሱ፣ የሰው ሬሳ ከመውጣቱ በፊት፣ ቂንጬውን እየዛቀ ለእድሩ በሙሉ ታይቷል፤ እስከ ዛሬ «ሊቀመንበር ቂንጬ» የሚሉት አሉ። አደራ ግን ቁጭ ካለ ቁጭ ነው። የሟች ስም አይስትም፤ የልጆቹን ተራ ያውቃል፤ እንባውም በልክ ነው። ባለቤቱ ከጀርባው ይኑር አይኑር ከፊቱ አይለይም፤ ሻጮቹ የሚኮሩበትም ይኸው ነበር። ሰው ቶሎ ለመደው፣ ለምዶም ጨዋነት አበጀለት። ሰሌዳን «አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ሆነ። ሰው ፊት ቆሞ ጥርስህ የራስህ ነው ወይ እንደማለት ነው።

ለሶልያና ደግሞ አዲሱ ከሁሉ በላይ እረፍት ነበር። እሷን ያደከማት ሌላ ሰው አይደለም፤ ጋሽ ያፌት ነው።

ጋሽ ያፌት ዕድሜውን የጨረሰው የእነዚህን ሕንጻዎች ሊፍት ሲጠግን ነው። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጅ አልወለዱም። የየትኛው ሊፍት ገመድ በየትኛው ዓመት እንደተቀየረ፣ ማን ሲወጣ ማን መሐል ፎቅ ላይ ተቀርቅሮ እንዳለቀሰ፣ ጠይቀውት የማይመልሰው የለም። መዳፉን ማሳረፍ ብቻ ይረሳል። ለቅሶ በሆነ ቁጥር የእሱ ወንበር ጨለማ ነው። በሆነ ቁጥር ሶልያና ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥታ ታንኳኳለች።

«ዛሬም ረሳሁት» ይላል በሩን ከፍቶ።

«ራስህን ብትረሳ ይሻል ነበር።»

«እሱንማ አንቺ መቼ ታስረሺኛለሽ? እንደ ጅብ ስትጮኺ ሰማሁ፤ ማን ሞተ ለማለት ስነሣ ሌላ ሰው ገደልሽ። ግቢ እንጂ፣ ብርዱን ታስገቢያለሽ።»

ትገባለች። ሻይ ፈልቶ ይሆናል። እየጠጣች ትቆጣዋለች፤ እሱም ድምፅዋን እያስመሰለ ሲያሾፍባት ሰዓቱ ይሄዳል። ያለ ምክንያት የሰው በር ማንኳኳት ከቀረ ቆይቷል፤ ይሄ ግን ምክንያት አለው፣ ደንብ ነው።

ኅዳር ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። በአንድ ሳምንት ሁለት ለቅሶ ሆነ፤ በሁለቱም ቀን ጨለመ። ሶልያና በሁለተኛው ቀን ጉልበቷን ይዛ ወጣችና ሻዩን እንኳ ሳትቀምስ ደጃፉ ላይ ቆማ ተናገረችው። «ጉልበቴ ለአንተ በር ሲል አለቀ። ወይ መዳፍህን አስታውስ፣ ወይ እንደ ሰው አዲሱን ግዛና ገላግለኝ» አለችው።

«እሺ። አንቺን ከገላገለሽ» አለ ጋሽ ያፌት።

ከገና በፊት አደራ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ጨልሞ አያውቅም። ሶልያናም ከዚያ ወዲህ ያን በር አላንኳኳችም፤ በምን ምክንያት ታንኳኳ? በየለቅሶው ግን ከኋላ ረድፍ እየሄደች ትነካካዋለች። እሱም በምስጋና ይመልሳታል። ዛሬ ባለውለታ አላት።

በማግስቱ አቶ ናሆምን ጠራችው።

«ጋሽ ያፌት ተቀይሞኛል። ሽማግሌ ላኩልኝ» አለችው።

«በምን?»

«ደጃፉ ላይ ቆሜ ተናገርኩት። እሑድ ጉባኤ ላይ ዓይን ለዓይን እየተያየን እንዲህ ሆነን መቀመጥ አልችልም። ጾምም እየገባ ነው።»

ናሆም በሰው አይጨክንም። ሁለት ሽማግሌ ጨመረና ሄዱ፤ ማለት የሦስቱም ሰሌዳ በጋሪ ተጭኖ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ። ሽምግልና በሰሌዳ ከሆነ ቆይቷል፤ ማንም አይገርመውም። አራት ሰሌዳ በባዶ ኮሪደር ተፋጥጦ ስለ አንዲት ሴት ጉልበት ሲነጋገር ያየ ግን አልነበረም።

ሶልያና ቤቷ ገብታ ልብሷን ሳትቀይር ናሆም ደወለ።

«አለቀ» አላት። «ይቅር ብሏል።»

«እንዴት ባንዴ አለቀ?»

«ስምሽን እንደጠራን ይቅር አለ። ከልቤ ነው አለ። እኛንም መረቀን።»

«ስንት ጊዜ እምቢ አላችሁ?»

«አንድም።»

«በደሉን አልተናገረም? ይሄን ብላኛለች፣ ያንን ብላኛለች አላለም?»

«ሶልዬ፣ ሰላም ወርዷል እኮ። እኔ በሽምግልና ዘመኔ እንዲህ የቀለለ አላየሁም። እንዲያውም ይህችን ከአዲሱ ጥቅም ውስጥ አግቢያት፤ ለእርቅም ይሆናል በያቸው።»

ሶልያና ስልኩን ዘግታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

የተበደለ ሰው ሽማግሌ ሲመጣበት መጀመሪያ እምቢ ይላል። እምቢ ካላለ በደሉ በደል አልነበረም ማለት ነው፤ ሽማግሌውም በከንቱ ለፋ። ሽማግሌው ብድግ ይላል፣ ስለ እግዚአብሔር ይላል፤ ተበዳዩ ቂሙን ከሥር መሠረቱ ይዘረዝራል፤ ሽማግሌው ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሣል። ይህንን ሁሉም ያውቃል፤ ጋሽ ያፌት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። አንድ ጎረቤት ሊፍት ውስጥ አዲስ ጫማውን ቢረግጥበት ሽማግሌውን ሦስት ጊዜ አመላልሶ፣ በሦስተኛው «ወንበር ይዛችሁ ኑ፣ የእኔ አልቋል» ያለ ሰው ነው። ከታረቀ በኋላም ጫማውን ለሰው ሲያሳይ ከርሟል።

እንዲህ ያለ ሰው እንዲሁ ይቅር አይልም።

ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

ላይኛው ፎቅ ኮሪደር ጭር ብሏል። ከጋሽ ያፌት በር አጠገብ መደርደሪያው ላይ ያለው ሰሌዳ ሳታንኳኳ በራ። ጢሙ ተላጭቷል፤ ሸሚዙ ተተኩሷል። እሱ ሸሚዝ ሲተኩስ አይታ አታውቅም።

«እንኳን ደህና መጣሽ ሶልያና» አለ።

«በሩን ክፈት።»

«አሁን ትንሽ አይመቸኝም። ሌላ ቀን ብንጫወት ደስ ይለኛል።»

«ስደበኝ።»

«ምን አልሽኝ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ስደበኝና ልሂድልህ። ስለ ድምፄ ተናገር።»

«ድምፅሽ በጣም ደስ የሚል ነው።»

ሶልያና በሩን በመዳፏ መታችው። ደግማ መታችው። ጎረቤት በር የከፈተ የለም። ከዚያ ነውር ሊያደርግ እንደተነሣ ሰው ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየችና ወደ ሰሌዳው ጠጋ አለች።

«ጋሽ ያፌት፣ አለህ?» አለችው።

«ሁልጊዜም አለሁ» አለ ሰሌዳው።

የሕንጻው ጥበቃ መለዋወጫ ቁልፍ ይዞ እስኪመጣ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። ሰሌዳው መሐል ላይ «ቀዝቅዞሻል፣ ወደ ቤት ብትገቢ ይሻላል» አላት።

ጋሽ ያፌት በሩ ሥር፣ ወንበር ላይ፣ ጋቢውን ደርቦ ነበር የተቀመጠው። መስኮቱ ክፍት ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ቤቱን እንደ መጋዘን አድርጎታል፤ ሽታ ያልወጣው ለዚያ ነው አለ ጥበቃው፣ አፉን በክንዱ ሸፍኖ። ከጤና ጣቢያ የመጣው ሰው ብዙ አልቆየም። ልቡ ነው አለ፤ ጊዜውን ሲጠይቁትም የሟቹን ጣቶች አይቶ «ከጥምቀት በፊት ነው፣ ከዚያ ወዲህ አይሆንም» አለ።

ከጥምቀት ወዲህ። ሶልያና ያለፉትን ለቅሶዎች በሐሳቧ ዞረችባቸው። የመሐንዲሱ ለቅሶ፣ ጋሽ ያፌት ከማንም ቀድሞ በርቷል። የመንታዎቹ አባት ለቅሶ፣ ልጆቹን በየስማቸው ጠርቶ አጽናንቷል። ትናንት ማህደርን «የእናት ሞት አዲስ ነው፣ አይለመድም» ብሏት ማህደር ፊቷን ሸፍና አልቅሳለች፤ ከወንበሮቹ ሁሉ ከልቧ የገባ ያ ብቻ ነበር።

ሰሌዳው በየጊዜው እያዘዘ ከሚያስሞላው የግድግዳ ሳጥን ውስጥ ጥቂት ዳቦ ደርቆ ተገኘ። ጥቂት የሆነው፣ ሰሌዳው ዳቦው እንዳልተነሣ አይቶ ትዕዛዙን ራሱ ስላቋረጠ ነው። ለማን ነገርክ ብለው ሲጠይቁት፣ የጠየቀ አልነበረም አለ። ጨዋ ነው፤ እውነቱን ነው።

ጠረጴዛው ላይ አሮጌው ዋርካ በንጹሕ ፎጣ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ከአጠገቡ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ሁለት ብርጭቆ። ሶልያና ብርጭቆዎቹን ቆማ አየቻቸው።

ሻዩ ሁልጊዜ ፈልቶ ነበር የሚጠብቃት። አንድም ቀን «ቆዪ ላፍላልሽ» ብሏት አያውቅም። የሊፍት ገመድ የተቀየረበትን ዓመት የማይረሳ ሰው መዳፉን በየለቅሶው ይረሳል፤ ረስቶም ሻይ አፍልቶ፣ ሁለት ብርጭቆ አቅርቦ፣ በሩ ሥር ወንበር ላይ ይቀመጣል። ይህንን ሁሉ ዓመት ስትወጣና ስትወርድ እንዴት አላየችውም? አሁን ማየቷ ለማን ይጠቅማል?

«ቁጭ በይ እትዬ» አላት ጥበቃው።

«ደህና ነኝ» አለች። አልተቀመጠችም።

በማግስቱ በየኮሪደሩ ድምፅ ማጉያ የጋሽ ያፌትን ሞት ተናገረች። ድምፅዋ እንደወትሮው ወፍራም ነበር፤ የሰሙት ሁሉ ተረጋግታለች አሉ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ጋሪው ሰሌዳዎቹን እየሰበሰበ አመጣ። የሐዘንተኛ ወንበር ባዶ ሊሆን ነበር፤ ዘመድ የለውም። ደንቡ ግን ለቅሶ ያለ ሐዘንተኛ አይሆንም ስለሚል፣ ናሆም በሰሌዳው ሆኖ «ሶልዬ፣ አንቺ ብትቀመጪስ?» አላት። ተቀመጠች።

ወንበሮቹ ሞልተው በሩ። አደራዎቹ በልካቸው አለቀሱ። ዋርካዎቹ ፊት እየሰባበሩ አለቀሱ። ሁሉም ስለ ጋሽ ያፌት ደግነት ተናገረ፤ ማንም ስለ ምላሱ አልተናገረም። ሶልያና «እግዜር ይስጥልኝ» ስትል ቆይታ ከኋላ ረድፍ ዓይኗ ቆመ።

የጋሽ ያፌት ሰሌዳ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ሞቷል ብሎ ለጋሪው የነገረ አልነበረም፤ ጋሪውም ከመደርደሪያው እንደማንኛውም ቀን አንሥቶ አመጣው። ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው። ተራው ሲደርስ ፊቱን ወደ ሶልያና መለሰ።

«እግዜር ያጽናሽ» አላት። «ጥሩ ጎረቤት ነበር።»

በዙሪያው ያሉት ሰሌዳዎች ጸጥ አሉ። ከመካከላቸው ስንቶቹ ጋ ሰው እንዳለ አይታወቅም፤ መጠየቁም ነውር ነው። ሶልያና አተኩራ አየችው። ተነሥታ ልታጠፋው አሰበች፤ ግን ያ ፊት ከዚህ ወዲያ ሌላ ቦታ አይገኝም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፤ ያን ጊዜ አለቀሰች።

ቀብሩ ላይ ቄሱና ቆፋሪው ነበሩ፤ ሬሳውን ያመጣው ጋሪ ነበር፤ ሶልያና ነበረች። ፍትሐቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ሰው በመቃብሮቹ መሐል በቀጭን ጫማ እየተንሸራተተ መጣ። አቶ ናሆም ነው፣ በሥጋው። ከወንበር ላይ ከሚያዩት አጭር ነበር፤ ሸብቷልም። ሶልያና በሥጋው ካየችው ስንት ዓመት እንደሆነ ሊታወሳት አልቻለም።

«ሰሌዳህስ?» አለችው በቀስታ።

«ድንኳን ነው። ያለቅሳል።»

«አንተስ?»

«እኔ አልችልበትም። አፈር ልመልስ ብዬ ነው» አለና አካፋውን ከቆፋሪው ተቀበለ። አያውቅበትም ነበር፤ ግማሹን አፈር ጫማው ላይ መለሰው። ቆፋሪው ጫማውን አየው።

ሲመለሱ በእግር ነው። ንፋሱ ከፊት ለፊት ይመጣል። ናሆም እጁን ከመዳፉ እስከ ክንዱ እያራገፈ ሄደ። እሷም ጉልበቷን እየጎተተች ከጎኑ ሄደች። ሕንጻዎቹ መታየት ሲጀምሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በዚህ ሰዓት ማንሣቴ ነውር ነው» አለ። «ሰዎቹ ግን ዛሬም ደውለዋል። እሑድ ነገ ነው፤ አብዛኛው አባል አዲሱን ይላል። እኔም አንቺን ሳልሰማ ልናገር አልፈልግም።»

ሶልያና ነጠላዋን ከንፋሱ ሰበሰበች።

«ዋርካውንማ እናውቀዋለን፣ ጉድለቱ ብዙ ነው። የአዲሱን ንገሪኝ። ጉድለቱ ምንድን ነው ልበላቸው?»

«ምንም ጉድለት የለውም በላቸው» አለች ሶልያና። «ሰውዬው ሞቶ እንኳ አንድ ለቅሶ አልቀረበትም።»